ድንጋዩና ቤቶቹ

ከቡራዩ ብዙም በማይርቀው ሰበታ የሚነሳውን የጅቡቲ ባቡር መሥመር የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ስለ አገራቸው ስናወራ ፋብሪካና ስልክ እንጂ ወንጌል ትዝ አይለንም። ወንጌል ቻይና የገባው መቼ ይመስላችኋል?

በ635 እ.ኤ.አ. አሎፔን የተባለ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቻንግአን ሲደርስ፣ የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ በክብር ተቀበለው። በ781 ይኸው ታሪክ በቻይንኛና በሱርስት በድንጋይ ተቀረጸ። እንደ እኔ ግምት ግን ያቺ ቤተ ክርስቲያን አብዝታ የተደገፈችው በቤተ መንግሥት ሞገስ ነበር። በ845 ሌላ ንጉሥ የቡድሃን ገዳማት ሲያፈርስ እርሷንም አልማራትም። ድንጋዩ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው በ1620ዎቹ ነው።

በ1949 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ያዙ፤ ሚሲዮናውያን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጡ። ከ1966 ጀምሮ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። በ1979 መከፈት ሲጀምሩ ግን አማኞች በዝተው ተገኙ፤ በየቤቱ ሲጸልዩ ኖረዋልና።

እኛም ዘንድ በ1937 የጣሊያን ወራሪ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ ጠበቋቸው። በደርግ ዘመንም ብዙ አማኞች መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘምረዋል። አያቶቻችሁን በማን ቤት ይሰበሰቡ እንደነበር ጠይቋቸው።