ምስክር ወረቀት ለማን ይመሰክራል?

በትምህርት ቤታችን ከፍ ያሉ ክፍሎች ውስጥ የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ምን አገኘ? ዲግሪ ያለውም የሌለውም ያው አንድ ራሽን አይደል የሚሰለፈው?» ይላሉ ተማሪዎቻችን። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ባዶ የሚቀረው ወንበር ብዙ ነው። ወደ ወርቅ ቁፋሮው የሄደ አለ፣ የሊቢያን መንገድ የጀመረም አለ። ስለዚህ «ትምህርት ብርሃን ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ነኝና ጥያቄው ይመለከተኛል።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በታሪክ በኩል ላየው ወደድኩ። ምክንያቱም ዲግሪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዋጋ ኖሮት አያውቅም። መቼ ተወደደ? መቼ ረከሰ? ለምን? ይህን ካየን ለራሳችን የሚሆን መልስ እናገኛለን። (የአገር ቤቱን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የሱዳኑንና የሌላውን ዓለም እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት

ሰርተፍኬትን በአማርኛ «ምስክር ወረቀት» ነው የምንለው። ስሙ ትክክለኛ ስም ነው። ወረቀቱ ራሱ ዕውቀት አይደለም፣ ስለ ዕውቀት የሚመሰክር ነው። ምስክር ደግሞ እውነት መናገሩ ብቻ አይበቃውም። የሚሰማው ሰው ምስክሩን ሊያውቀውና ሊያምነው ይገባል።

ይህ ነገር ከፈረንጅ ትምህርት ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። በቤተ ክህነት ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክር ነበር። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። እዚያ በመምህሩ ፊት የተማረውን ያሰማል፣ ይታረማል፣ ሲበቃ ያስመሰከረ ይባላል። ይህ ምስክርነት ጎጃምም ሸዋም ቢሄድ ይሠራል፣ ሰሚው ሁሉ ቤተልሔምን ያውቃታልና። የሚጠራጠር ቢመጣም ሰውዬው እዚያው ቆሞ ማዜም ይችላል። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ሥራ ሰውን የፈለገበት ዘመን

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ሰው ማውጣት። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋና ትኩረቱ ቋንቋ ነበር። መንግሥት ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገርለትና የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገው ነበርና። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚያ በኋላ ጣልያን መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ እየታደኑ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ ብዙ፣ የተማረው ሰው ግን ጥቂት ሆነ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶ/ር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ። የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የምሕንድስና ኮሌጅ እየተከታተሉ ቆሙ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹን ያሰባሰበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ንጉሡም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት። በዚያ ጊዜ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ አይፈልግም፣ ሥራው ነው እሱን የሚፈልገው። ምክንያቱ የዲግሪው ተአምር አልነበረም። አንድ ትልቅ ቀጣሪ ነበረ፣ እሱም መንግሥት ነው። ይህ ቀጣሪ ምስክሩን በስም ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ኮሌጁን ያቋቋመው ራሱ ነው። የሚመሰከርላቸው ሰዎች ደግሞ በጣም ጥቂት ነበሩ።

በሱዳንም ታሪኩ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ለእንግሊዝ አስተዳደር ጸሐፊና ዝቅተኛ ሹም እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። አድጎ አድጎ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1954 እና በ1955 የእንግሊዞቹ ወንበር ለሱዳናውያን ሲከፋፈል ወደ 800 የሚጠጋ ሥራ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። የተማረው ሰው ወንበር አገኘ። ከእነዚያ ወንበሮች ለደቡብ ሰዎች የደረሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቅሬታው ኋላ ከተነሣው ጦርነት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ምስክር ወረቀት ሁሉን እኩል አያሰማም ማለት ነው፤ ሰሚው ማንን መስማት እንደሚፈልግ አስቀድሞ የወሰነ ከሆነ ወረቀት ብቻውን አያሸንፈውም።

ዋጋው ሲወርድ

በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ አገር ቤት ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣው ወጣት ከመንግሥት ወንበር በላይ ሆነ። 12ኛን ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ በየከተማው ታየ። መንግሥት በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ጥናት አስጠና፣ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» የሚለው ነው። ከሐሳቦቹ አንዱ ለብዙኃኑ ልጅ አጭር መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ ወደ ሥራ እንዲገባ ማድረግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያስኬዳል። መምህራንና ወላጆች ግን «የድሃ ልጅ ከላይ እንዳይደርስ በሩ ሊዘጋበት ነው» ብለው ተነሡ። የየካቲት 1966 የመምህራን አድማ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፣ አብዮቱንም ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ወላጅ ሥራ እየጠፋ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ቢሆንም ለልጁ በሩ እንዲዘጋ አልፈቀደም። ዲግሪ ሥራ ባያስገኝ እንኳ «አንተ እዚህ አትደርስም» መባልን ሕዝቡ አልተቀበለም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ። ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ቀይ ሽብር ተከተለ። ከዚያ ትውልድ ብዙው ትምህርቱን እንዳቋረጠ በመተማና በሑመራ፣ በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ። ከካርቱም አልፎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የደረሰውም ጥቂት አይደለም። እዚያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱ የቀድሞ መምህራንና የቢሮ ኃላፊዎች ወሬ ሁላችንም ጆሮ ደርሷል። ወረቀታቸው ሐሰት ሆኖ አይደለም፣ ሰሚው አገር ምስክሩን ስላላወቀው ነው። ብዙዎቹ ማታ ማታ ኮሌጅ ገብተው እንደገና ከታች ጀመሩ። ታዲያ ያን ጊዜ የጠቀማቸው በጭንቅላታቸው የያዙት ነበር። ሒሳቡና እንግሊዝኛው ድንበር ላይ አልተወረሰም።

በደርግ ዘመን ተመራቂን መንግሥት ይመድበው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአብዛኛው ሙያ ምደባው ቀረ። ከዚያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በዛ። በጣት ይቆጠር የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ብዙ የድሃና የገጠር ልጅ፣ ብዙ ሴት ልጅ ገባችበት፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጣሪው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዲግሪ የያዙ ልጆች ኮብልስቶን ሲያነጥፉ አየን። ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፣ ግን ለዚያ ሥራ ሦስት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም። ቀጥሎ ምስክሩ ራሱ መጠርጠር ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ወደ 900,000 ከሚጠጋ ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂም የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደረገ። መንግሥት «ትራንስክሪፕቱን አይቼ ብቻ አላምንም፣ አሰማኝ» አለ ማለት ነው።

ዐማራት ላይ ያየሁት

ወደ ካምፕ ከመምጣቴ በፊት ካርቱም ዐማራት ሠርቻለሁ። ዐማራት አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ፣ ጎዳናዎቹ በቁጥር የሚጠሩ፣ ቪላና ኤምባሲ፣ የድርጅት ቢሮ የሞላበት ሰፈር ነበር። በየቪላው ወጥ የሚሠሩት፣ ልጅ የሚይዙት ሴቶች ብዙዎቹ የእኛ እኅቶች ነበሩ። ከእነሱ መካከል በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ያላት አለች፣ መምህርት የነበረች አለች። መዳሟ ወረቀቱን አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ኢቃማ አለሽ ወይ፣ ዐረብኛ ትችያለሽ ወይ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲውን ማስተማሪያ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ስላዞረች በእንግሊዝኛ የተጻፈ የእኛ ወረቀት የበለጠ ባይተዋር ሆነ። የስደተኛ የሥራ ፈቃድም በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። በአንጻሩ ከ10ኛ ክፍል የወጣ ልጅ ጄኔሬተርና የአየር ማቀዝቀዣ እየጠገነ ከሁላችንም የተሻለ ያገኝ ነበር። ቀጣሪው የሚጠይቀው «አሠራው እስቲ» ብቻ ነው። ልጁ እንደ ድጓው ተማሪ እዚያው ያስመሰክራል።

ይህን አይቶ «በቃ፣ ትምህርት ይቅር» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሌላም አይቻለሁ። እዚያው ዐማራት በየድርጅቱ ቢሮ አስተርጓሚ፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ፣ መምህር ሲፈለግ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወረቀት አለህ?» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ዳፊ የተባለው የስደተኞች ስኮላርሺፕ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሌለውን አይቀበልም። ጠጋኙ ልጅ በዚህ በር አይገባም። ስለዚህ ወረቀትም እጅም የየራሳቸው ሰሚ አላቸው።

ምስክሩ ሲቃጠል

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ዐማራት የጦር ሜዳ ሆነ፣ ሠራዊቱ ከተማዋን እንደገና የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። በዚያው በ2023 ግንቦት በኦምዱርማን አህልያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። የሱዳን ዶክተርና ኢንጂነር፣ ትናንት እኛን ያስተናገደን ሰው፣ ዛሬ ካይሮና ንጃሜና ላይ «ወረቀትህ የታል?» ይባላል። ይህ የሚያስደስት አይደለም፣ የሚያስተምር ግን ነው። ምስክር ወረቀት ከኋላው የቆመ መዝገብ ከሌለው ድምፁ ይዘጋል።

ዓለም ይህን ችግር ዘግይቶም ቢሆን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አገሮች ስምምነትና በ2023 በሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነት የስደተኛ ወረቀት ባይሟላም ዕውቀቱ በሌላ መንገድ እንዲመዘን ይጠይቃሉ። ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፣ ያለው ማስረጃ ይታያል። የሚገደደው ስምምነቱን ያጸደቀ አገር ብቻ ቢሆንም መንገዱ ተጀምሯል።

እንግዲህ ምን እንበል?

ዲግሪ ለሥራ ዋጋ አለው ወይ? ታሪኩ የሚለን እንዲህ ነው፤ ዋጋው ያለው ወረቀቱና የሚሰማው ሰው ሲገናኙ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ሰሚው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሰሚውን ፈልገን ማግኘት ያለብን እኛ ነን። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የምትማሩትን ስትመርጡ «ይህን ወረቀት ማን ያውቀዋል? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ መምህርነት፣ ኤሌክትሪክና ኮምፒዩተር በብዙ አገር ሰሚ አላቸው። ወረቀቱ ቢጠፋ ቆማችሁ ማሰማት የምትችሉትን ያህል ተማሩ። ዐረብኛውንም አትናቁት። አጨዳ ለመሄድ ብላችሁ ከፈተና ስትቀሩ የምታጡት የአንድ ወቅት ትምህርት ብቻ አይደለም፣ ምስክራችሁንም ነው።

ያላችሁን ወረቀት ደግሞ ጠብቁ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ማትሪክ፣ ቴምፖራሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሥታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። በስደተኛ መታወቂያው ላይ ያለው የስማችሁ አጻጻፍና የልደት ዘመን ከትምህርት ማስረጃው ጋር አንድ መሆኑን አሁኑኑ ተመልከቱ። የአንድ ፊደል ልዩነት፣ ወይም የእኛና የፈረንጅ ዘመን መደባለቅ ስኮላርሺፕ ሊያስቀር ይችላል።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። እዚህ ካምፕ ውስጥ ለእነዚህ ልጆች ምስክሮቹ እኛ ነን። ሌላ ማንም የለም። የምንሞላው ሮስተርና የምንፈርመው ካርድ ነገ አንድ ልጅ አንድ ቢሮ ውስጥ «ተምሬአለሁ» ሲል ከኋላው የሚቆም ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላል። ያልተገባውን ማርክ ከሞላን ምስክርነታችን ይረክሳል፣ የጎበዙም ልጅ አብሮ ይረክሳል። መዝገቡ በአንድ ሣጥን ብቻ ከተቀመጠ ደግሞ አንድ ቀን እሳት ወይም ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሮስተሩን በሁለት ቅጂ እንድናዘጋጅና አንዱ ከካምፑ ውጭ በፕሮጀክቱ ቢሮ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ እንነጋገርበት።

ቸር ይግጠመን።