የበረኛ እጅና የደንብ አንቀጽ

በመርካቶ ቅያሶች ኳስ የሚጫወት ልጅ የጎል አግዳሚ አይቶ አያድግም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ሲጠፋ ሁለት የተጣጠፈ ሹራብ። ኳሱ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ ልብስ ሰፊ በበዛበት ሰፈር አይቸግርም። አግዳሚ ስለሌለ የጎሉን ከፍታ የሚወስነው በረኛው ነው። ዘሎ፣ እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ኳስ «ከእጅ በላይ ነው» ተብሎ ይሰረዛል። አጭር ልጅ በረኛ ሲቆም ጎሉም አብሮት ያጥራል ማለት ነው። ሦስት ኮርና ሲጠራቀም አንድ ሪጎሬ ይሰጣል። ጭነት የተሸከመ ሰው ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል፤ ሲያልፍ ከቆመበት ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም፤ ሰባተኛም ሆነ አብነት ሰፈር የሚጫወት ልጅ ግን በቃሉ ያውቀዋል።

በረኛ የሚቆመውም በልማድ ነው፦ ታናሹ፣ አዲስ መጡ፣ ወይም ኳስ አይችልም የተባለው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ሲተረክ የሚነሱት ግብ አግቢዎች ናቸው። ታሪኩ መንገድ በቀየረባቸው ቀናት ግን በአብዛኛው ሁለት ችላ የተባሉ ነገሮች አሉ፤ የበረኛ እጅና ማንም ልብ ያላለው የደንብ አንቀጽ። ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ደንቡ ነው፤ እሱም ከመርካቶ ውልደት ጋር የተያያዘ ነው።

የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወራሪዎቹ ከተማዋን በቀለም ከፈሏት። አራዳ ለነጮች ተለይቶ ፒያሳ ሲባል፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ተወላጅ ገበያ እንደማለት ነው። አካባቢው አዲስ ከተማ የሚለውን ስሙን ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ የነጋዴው ኩራት የሆነው ሰፈር ሲመሠረት የመለያያ መስመር ነበር።

ኳሱም በዚያው መስመር ተከፈለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተቋቋመ ክለብ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይገኙበታል። ወራሪው መንግሥት ለ«ተወላጆች» ስፖርት የተለየ ቢሮ አቋቁሞ የክለቡን ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ይጫወታል። ከመርካቶ የጨርቅ ኳስ ደንብ በተቃራኒ ይህኛው በወረቀት ላይ የሰፈረ፣ ማኅተም ያረፈበት ደንብ ነበር።

ወረራው ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሻምፒዮና ተካሄደ። ተሳታፊዎቹ አምስት ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሜዳ ላይ እንዳይገናኙ ተከልክለው የነበሩ ሰዎች አሁን በአንድ የዳኛ ፊሽካ ሥር ተሰለፉ።

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋቾች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አባታቸው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ይድነቃቸው የመለያየቱን ዘመን በወጣትነታቸው አይተውታል፤ በኋላ በአህጉሩ የስፖርት መድረክ ሲቀመጡም አልረሱትም።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥራች አገሮቹ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በዚያው ዓመት የካቲት ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ሆነች። የፕሪቶሪያ ሰዎች ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አንልክም አሉ። መልሱ ከውድድሩ መሰረዝ ሆነ። ኢትዮጵያም አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው።

ክሪኬት ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ ቆይቷል። በአገሮች መካከል በሚደረገው ቴስት ክሪኬት ደቡብ አፍሪካ ከነጭ አገሮች ጋር ብቻ ስትጫወት ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የኬፕታውኑ ተወላጅ ባዚል ዶሊቬራ በእንግሊዝ ቡድን ውስጥ እንዳይመጣ በመከልከሏ የቡድኑ የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ተሰረዘ። የተገለለችው በ1970 ነው። ካርቱም ላይ ውሳኔ ከተሰጠ 13 ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው። ይድነቃቸው የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን መርተዋል፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያባረራትም በእርሳቸው የሥራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሑድ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ የመጣችው ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ቀረበች። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ይዛለች። የኢትዮጵያ አሠልጣኝ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ በረኛው ጊላሚካኤል ነበሩ። ሉቺያኖና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከጥቁር እናት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር።

ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ግብፅ ደገመች። ሉቺያኖ በ84ኛው እንደገና አስተካከለ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አገቡ። 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ቀን የሚወሱት አግቢዎቹ ናቸው። የዘመኑ ደንብ በበረኛው ላይ ምን ይጭን እንደነበር ግን ማስታወስ ይገባል። ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጊላሚካኤል ቢጎዳ ኖሮ ጓንቱን የሚያጠልቀው ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። በሌላ በኩል የሚጠቅመውም ነገር ነበር። የራሱ ተከላካይ በእግሩ መልሶ የሰጠውን ኳስ በእጁ ማንሳት ይችላል፤ ይህ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከ1912 በፊትማ በረኛ በራሱ የሜዳ ግማሽ ሁሉ ኳስ በእጁ ይነካ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምቱን ራሱን ያመነጨው ዊልያም ማክረም የሚባል የአየርላንድ በረኛ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሐሳቡ በደንብ የጸደቀው በ1891 ነው። ቢጫና ቀይ ካርድም በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የ1954ቱ ቡድን ካርድ በሌለበት ዓለም ነው ዋንጫ ያነሣው።

ጥሩ በረኛ ከመጥፎው የሚለየው በዝላዩ ብቻ አይደለም። በደረት ከፍታ ለሚመጣ ኳስ ሁለቱ አውራ ጣቶች ከኳሱ ኋላ ተቀራርበው፣ ሌሎቹ ጣቶች ተዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ክርኑ ይታጠፍና ግፊቱን ያበርዳል፤ ኳሱ ወዲያው ወደ ደረት ይታቀፋል። ከወገብ በታች ሲመጣ ጣቶቹ ወደ መሬት ይዞራሉ። የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ እጁ የደረቀ፣ ኳሱን ሳይቀበል የሚገጭ ነው። በክሪኬት ከመችው (ኳሱን በዱላ ከሚመታው) ኋላ፣ ከዊኬት ጠባቂው ጎን የሚቆሙት የስሊፕ ተጫዋቾች ያለ ጓንት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የዱላውን ጠርዝ ነክቶ የሚወረወር ጠንካራ ኳስ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳቸዋልና እጃቸው ወደ ኋላ እየሸሸ ካልተቀበለው ነጥሮ ይወድቃል። ቴስት ጨዋታ አምስት ቀን ስለሚፈጅ የአንድ ሰው መዳፍ ስህተት ዋጋው የሚታወቀው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ኳሱ ያመለጠለት መች ቀኑን ሙሉ ሲመታ ሊውል ይችላል።

የክሪኬት ደንብም ጉድ የሞላበት ነው። የሚከላከለው ቡድን ዳኛውን ካልጠየቀ፣ መችው በግልጽ ቢሳሳት እንኳ ዳኛው ውጣ አይለውም። አዲስ መች በተወሰነለት ደቂቃ ካልተዘጋጀ ደግሞ አንድ ኳስ ሳይገጥመው ይወጣል። ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ዴልሂ ላይ የስሪላንካው አንጄሎ ማቲውስ የራስ ቁሩ ማሰሪያ ተበጥሶበት ሲቀይር ሰዓቱ አለፈ፤ የባንግላዴሽ ተጫዋቾች ጠየቁ፣ ወጣ። በዓለም አቀፍ ክሪኬት በዚህ አንቀጽ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ቀን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫውን ካነሣችበት ቀን በትክክል 51 ዓመት። ተጋጣሚዋ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነበረች። ጨዋታው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሳለ በረኛው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ በሠራው ጥፋት ቀይ ካርድ አየ። አሥር የቀሩት ልጆች በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጡ። ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ደግሞ በረኛው ሲሳይ ባንጫ መጨረሻው ላይ በቀይ ወጣ። ቅያሬው አልቋል። የመሐል ሜዳው ተጫዋች አዲስ ሕንጻ ጓንት አጠለቀና ለፍጹም ቅጣት ምት ጎሉ ሥር ቆመ። ያ ምት ገባ፤ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። በ1954ቱ ደንብ የተነሣ በጊላሚካኤል ላይ አንዣብቦ ያለፈው አደጋ በአዲስ ሕንጻ ላይ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስትረታ ምድቡን ጨረሰችው ተብሎ ከተማው በጭፈራ ተናወጠ። ፊፋ ግን በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት መሰለፍ እንዳልነበረበት አስታወቀ። አንቀጹ ግልጽ ነው፦ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ ያርፋል። ውጤቱ ተገልብጦ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሆነ፤ ኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ አጣች፣ የ6 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ቅጣትም ተጣለባት። በመስኩ ላይ ማንም አልተሳሳተም፤ የጎደለው ቢሮ ውስጥ ካርድ የሚቆጥር ሰው ነበር።

የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ሥራውን ደገሙት። ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በ13 ነጥብ መሩ። ለመጨረሻው ዙር የደረሰቻቸው ናይጄሪያ ነበረች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ኳስ መስመሩን አልፏል ብለው ተጫዋቾቹ ቢከራከሩም አልጸደቀም። በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ግን ሁለት መለሰ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተጨመረ። ኳስ የጎል መስመር ማለፉን የሚለየው ቴክኖሎጂ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በቀጣዩ ክረምት፣ ናይጄሪያ በሄደችበት ብራዚል ነው።

የቪዲዮ ዳኝነት አፍሪካ ዋንጫ ሲደርስም ኢትዮጵያን ያገኛት በክፉ ሰዓት ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስትጫወት፣ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ ዳኛው ምስሉን አይተው በቀይ አስወጡት፤ ጨዋታው 1 ለ 0 በሽንፈት ተጠናቀቀ።

ሰፈር ውስጥ ልጆች የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከዚህ የሚወስዱት ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው፣ ጎል ሥር የሚቆመው ልጅ የተረፈው ሳይሆን የተመረጠው ይሁን፤ በሳምንት አንድ ቀን ለእጁ ብቻ ልምምድ ይሰጠው። ሁለተኛው ወጪም የለውም፦ ደንቡ በየዓመቱ ይሻሻላልና አንብቡት። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረኛ ኳስ ይዞ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከቆየ ለተጋጣሚው ኮርና ይሰጣል። ዘንድሮ በረኛ ያቆማችሁት ልጅ ይህን መስማቱን ዛሬውኑ ጠይቁት።