ሲሚንቶ የቀባነው ጭቃ ቤት

የሠፈራችን ጭቃ ቤት ሲሚንቶ ሲለሰን «አለፈለት!» ያላልን ማን አለን? ጥቂት ክረምት ቆይቶ ልስኑ እየተላጠ ሲወድቅ ደግሞ ግንበኛውን እናማለን። ጎበዝ፣ ይህ ስህተት በእኛ አልተጀመረም።

አያቶቻችን ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው ለቀናት የሚያሰነብቱት ሥራ ፈተው አልነበረም። ጭዱ ምርጊቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ ጭቃው ደግሞ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ኖራም እርጥበት ያሳልፋል። የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶ ከተለሰነ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። አፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ ያሠሩት ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው።

ፖርትላንድ ሲሚንቶ ግን እንግሊዝ አገር የተመዘገበው ገና በ1824 ነው። በ1930ዎቹ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ አሮጌ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዛል። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ የተመለሰው ወዶ አይደለም።

ጀሶስ? ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል፤ ውኃ ስለማይችል ግን ቦታው ከቤት ውስጥ ነው። ሲሚንቶውም ለብሎኬቱ ይሁን። የእናቶቻችንን ጭቃ ቤት ስናድስ ግን፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጭዱን እንፈልግ።