ሥልጣን ወረደ፣ ዜናው ቀረ፦ አምባ ጊዮርጊስና የአካባቢ ዜና ጥያቄ

ስለ አካባቢ ዜና መዳከም የሚጻፈው አብዛኛው ጥናት መነሻው አሜሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ ከአገሪቱ ጋዜጦች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ዳባትና ደባርቅ፣ ለዚህ ሐተታ አይመቹም፤ ሥር የሰደደ የወረዳ ጋዜጣ ባልነበረበት ስለ መዘጋት ማውራት አይቻልም። ይህ መጣጥፍ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ዜናው ለምን አብሮ አልወረደም?

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በጥቅል የሚመደብላቸውን በጀት በምክር ቤታቸው ማጽደቅ ጀምረዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተችው በኩር ጋዜጣ ግን መቀመጫዋ ባሕር ዳር ነው፤ ሽፋኗም መላው የአማራ ክልል ነው። ከወረዳ የሚወጣው መረጃ በኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ በኩል ሪፖርት ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል፤ ዜና ሆኖ ቁልቁል ሲመለስ የሚናገረው ያው ሪፖርቱን የላከው ኃላፊ ነው። የውኃ ቦኖ ሲመረቅ ዘጋቢ ይመጣል፤ ቦኖው ሲደርቅ የሚመጣ የለም።

የክፍተቱ ዋጋ ጎልቶ የታየው በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት አጠገብ በምትገኘው ጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት የትግራይ ኃይሎችን ከስሰው ለሮይተርስ 120 ሰዎች ተገደሉ አሉ፤ ሕወሓት አስተባበለ፤ ከወራት በኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች የ26 ሰዎችን ግድያ መዘገበ። ባለሥልጣናቱና ድርጅቱ የቆጠሩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። ሆኖም ቤት ለቤት እየዞረ ስም በስም የሚመዘግብ የቅርብ ጋዜጠኛ ባለመኖሩ፣ የመንደሩ ሰው በስም የሚያውቃቸውን ሟቾች አገሩ የሚያውቃቸው በሚያከራክር አኃዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ለአካባቢ ዜና ምትክ የነበሩት ቴሌግራምና ፌስቡክም ታጠፉ። ቦታውን የያዘው ከሩቅ የሚነዛ፣ ማን እንዳየው የማይታወቅ ወሬ ነበር።

ታማኝ ዜና ግን ለከተሞቻችን ባዕድ አይደለም። የእድር ጡሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሲቀድ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩንና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ቢሳሳት እዚያው ቀብር ላይ ይጋለጣል። ደመወዙ ከእድርተኛው መዋጮ ነው፤ የሚጠየቀውም ለእድርተኛው ነው። ሰው ለምን እንደ ሞተ መጠየቅ ግን ሥራው አይደለም።

የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 533/1999 ይህን ሊጠይቅ የሚችለውን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ራሱን የቻለ የብሮድካስት ዘርፍ አድርጎ ካወቀው ቆይቷል። ስለዚህ ጉድለቱ በዋናነት የሕግ አይደለም፤ የባለቤትነት ነው። ማይክሮፎኑ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በጀት ከተገዛ ጽሕፈት ቤቱን አይጠይቅም። ነዋሪዎቹ እንደ እድር አዋጥተው ካቆሙት ግን የምክር ቤቱን የበጀት ስብሰባ ገብቶ የመስማት፣ የሰማውንም ለአዋጪዎቹ የመናገር ግዴታ ይኖርበታል። የወገራ ገበሬ በምርጫ ቀን የሚመዝነው ነገር የሚያገኘው ያኔ ነው።