ዘሩና መሬቱ፦ የደም ካንሰርና የአጥንት መቅኔ ታሪክ

የደም ካንሰር ጥናት ታሪክ ለረጅም ጊዜ የዘሩ ታሪክ ነበር፤ ዘሩ የበቀለበት መሬት የታየው ዘግይቶ ነው። ሩዶልፍ ቪርሾ በ1847 እ.ኤ.አ. በሽታውን «ሉኪሚያ» ብሎ ሲሰይም የተመለከተው ደሙን ነበር። ደም በአጥንት መቅኔ ውስጥ እንደሚመረት ኤርነስት ኖይማን ያስረዳው በ1868 ነው። በ1978 ደግሞ ሬይ ሾፊልድ ደም አፍላቂ ስቴም ሴሎች በሚንከባከባቸው ልዩ ማደሪያ እንደሚኖሩ መላምት አቀረበ።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ካንሰሩ ያንን ማደሪያ ለራሱ እንዲመች እንደሚለውጠው፣ ጤነኞቹን ሴሎችም እንደሚያፈናቅል አሳየ። በማይሎማ ጊዜ አጥንት የሚሸረሽሩትን ሴሎች ያነሣሣል፤ አጥንት የሚሠሩትን ያዳክማል። የታማሚው አጥንት በቀላሉ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ለገዳዲ ምሳሌው ቅርብ ነው። የግድቡ ውኃ ተጣርቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ንጹሕ ይመስላል፤ ደለሉ ግን ከተፋሰሱ መምጣቱን አያቆምም።

ወደ ታሪክ የመለስኋችሁም ስለዚህ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ያለባቸው ወገኖቻችን ኢማቲኒብ የተባለውን ክኒን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የደም ቆጠራውን ያስተካክላል፤ በመቅኔው የተጠለሉ የካንሰሩ ስቴም ሴሎች ግን ሊተርፉ ይችላሉ። ስለሆነም «ደሜ ተስተካክሏል» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒኑን ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ በር መክፈት ነው። ይህን ለታማሚው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የእኛ የመምህራኑም ግዴታ ነው።