ከእንሰት ሥር የኖረው ተባይ

የሐዲያና የከምባታ ገበሬ እንሰትን በመልኩ፣ በቆጮው ጥራት፣ በአሚቾው ጣዕምና በሽታን በመቋቋሙ ለይቶ፣ ለየዓይነቱ ስም አውጥቶ ኖሯል። የሳይንሱ ስያሜ ዘግይቶ፣ ያውም ከሆሳዕናና ከዱራሜ ርቆ ተጀመረ። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በሰሜን ያየውን ተክል በ1790 አሳተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1791 ከሙዝ ጋር ተመደበ፤ በ1862 የዕፅዋት ሊቁ ሆራኒኖቭ የራሱን ጂነስ ቢሰጠውም፣ ምደባው የጸናው ቺዝማን በ1947 ሲያድሰው ነው። ይህ ሁሉ ከመሬት በላይ የሚታየውን የሚመለከት ነበር። ከአፈር በታች ያለውን ማወቅ ከዚህም ዘገየ፤ በእኔ እምነት የእንሰት ታሪካችን ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

በእንሰት ሥርና ከመሬት በታች ባለው ግንዱ፣ በአሚቾው ላይ ተጣብቃ ፈሳሹን የምትመጥ፣ ነጭ ሰም መሰል ዱቄት የለበሰች ደቃቅ ተባይ አለች። ጉንዳኖች የምታወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው ይከቧታል። በ1988 ከወናጎ ሪፖርት ተደረገች፤ ዊሊያምስና ማቲል-ፌሬሮ ግን አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጸው የሳይንስ ስም የሰጧት በ1999 ነው። በአንጻሩ ቅጠልን አጠውልጎ የሚገድለውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ገልጸውት ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመቱ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የሚጠወልግ ቅጠል ከመንገድ ይታያል፤ ሥር የሚመጥ ተባይ ግን ተክሉ ካልተነቀለ አይገለጥም።

ስም ተባይን አይገድልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባክቴሪያው ስም ካገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ጓሮ ያወድማል። ነገር ግን ሁለቱም እንሰቱን ያጠወልጋሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ባክቴሪያው በተበከለ ቢላዋ ይተላለፋል፤ ስለዚህ መሣሪያውን በእሳት ማንጻት ይጠቅማል። ተባይዋ ግን በዋናነት የምትጓዘው በችግኝ ነው፤ ቢላዋን ቀን ከሌት ቢያነጹት አያግዳትም። መድኃኒቱ ችግኙን ሥሩን አጽድቶና በሙቅ ውሃ አክሞ መትከል ነው። ጠላትን ያልለየ ሰው ለአንዱ የተበጀውን ጥንቃቄ ለሌላው ያውላል። ገበሬው ራሱ ያውቀው ነበር የሚለው ሙግት ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ተክሉ መጎዳቱን ከማንም በፊት ያየው እሱ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከአፈር በታች ተደብቆ ነበር። እስኪገለጥ ድረስም ችግኙ በስጦታና በገበያ ወደ ሌላ ጓሮ ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ የአፈር ውስጥ ነፍሳትን መግለጽ የሩቅ አገር ሊቃውንት ሥራ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከነማጉያ መነጽራቸው ወደ እንሰት ጓሮ ይላክ። ችግኝ የሚሰጥም የሚቀበልም ሁሉ ከመትከሉ በፊት ሥሩን ያገላብጥ።