የአያቴ አያት የጥጥ ነጋዴ ነበር

አያቴ ስለ አያቷ ስትናገር «ሲራራ ነጋዴ ነበረ» ብላ ትጀምር ነበር። ከጎንደር ቡናና ሰም በአጋሰስ ጭኖ፣ በጭልጋና በወህኒ ወርዶ መተማ ይገባል፤ ሲመለስ የቆላ ጥጥ ጭኖ ለጎንደር ፈታዮችና ሸማኔዎች ያደርሳል። አንዳንዴም ያኔ ሱቅ አቡ ሲን ይባል እስከነበረው እስከ ገዳሪፍ ገበያ ይዘልቅ ነበር አሉ። ውድ አንባቢያን፣ እኛ ሸሽተን የመጣንበት መንገድ ለእርሱ የእንጀራ መንገድ ነበር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን «የቤታችሁን ታሪክ ጻፉ» ብዬ አዘዝኩና እኔም የራሴን ፍለጋ ጀመርኩ። ዜና መዋዕሉን ገለጥኩ፤ ንጉሡና ራሱ፣ ዘመቻውና ግብሩ በዝርዝር አለ። ነጋዴ ግን ቀረጥ ከፋይ ሆኖ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይታይም። ተራውን ሰው የሚያስታውሰው ሌላ መዝገብ ነው። በጎንደር አድባራት፣ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ፣ የመሬት ሽያጭ ከነዋሱና ከነእማኙ ይጻፍ ነበር። ነገር ግን በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋራ ብዙ መጽሐፍ ጠፋ። ከተረፈው ውስጥ የአያቴን አያት ስም አላገኘሁም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ እርሱም ከዚያ ወዲያ አጋሰሱን ሸጦ እርሻ ገባ ይባላል።

ስሙን ባጣም ገበያውን አገኘሁት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚህ አገር አልፎ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለ ገላባት ሲጽፍ ከሐበሻ የሚወርደውን ቡናና ሰም ያነሣል። በዚያው ገበያ የባሪያ ነጋዴዎች ለሽያጭ ያስቀመጧቸውን ልጃገረዶች ማየቱንም ጽፏል።

አያቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም። አያቷ ሰው ሸጧል ለማለት ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን ነጋዴ ሽፍታ ፈርቶ ተሰባስቦ ነበር የሚጓዘው፤ ኬላውም ውኃውም አንድ ነበር። እነዚያን ልጆች አላያቸውም ብዬ ልከራከርለት አልችልም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ሌሊት አሰብኩ። የቆረጥኩት እዚህ መጠለያ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚሁ ድንበር ላይ ደላላ ዋጋ ያወጣበት፣ ዘመዶቹ ገንዘብ ለምነው ያስለቀቁት ወንድም ከመካከላችን አለ። የእርሱ ነገር እንዲጻፍ የምንፈልግ ከሆነ የእነዚያን ልጃገረዶች ነገር መደበቅ አይገባንም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ የቤታችሁን ታሪክ ለልጆቻችሁ አጽፉ። ጎንደር በተቃጠለ ጊዜ ወረቀቱ ጠፍቷል፤ የቀረው በእናንተ አፍ ያለው ነው። የሚያኮራውን ስትነግሯቸው የሚያሳፍረውንም አትዝለሉ። ደብተር የሌለው ከዳሱ ትምህርት ቤት ይምጣ፤ እኔ እጽፍለታለሁ።